ንቅሳቱ የሸፈነው ድድ

እናቴ ድዷን የተነቀሰችው ገና ኮረዳ ሳለች፣ እዚሁ ወሎ፣ ቢስቲማ ነው። እሾህ በክር አስረው፣ ጥቀርሻ እየቀቡ ወጓት። ዛሬም ስትስቅ ከጥርሷ በላይ ያለው ድድ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። በዚህ ድድ ትኮራለች። የዛሬ ልጆችን እያየች "ጥሬ ሥጋ የመሰለ ድድ ይዘው ይገለፍጣሉ" ትላለች። ከነዚያ ልጆች አንዷ እኔ ነኝ፤ መርፌ ስለምፈራ እሺ ሳልላት ቀረሁ።

ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ምስር ውስጥ በነበረ ጠጠር የተሰበረ ጊዜ፣ እዚሁ ደሴ አንድ ክሊኒክ ወስጄ ሽፋን አስደረግሁላት። ክራውን ይሉታል፤ የተሞረደ ጥርስ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋ ነገር ነው። ውስጡ ብረት፣ ላዩ እንደ ስኒ ያለ ነጭ ፖርስሊን። የምን ብረት እንደሆነ አልጠየቅንም። ማን ይጠይቃል? ሰው ቤት ሲሠራ የቆርቆሮውን ውፍረት ይጠይቃል፣ ጫማ ሲገዛ እውነተኛ ቆዳ መሆኑን በክብሪት ይፈትሻል፤ አፉ ውስጥ ለሚገባው ነገር ግን "ጥሩውን አድርጉልኝ" ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። እኛም እንደዚያው አደረግን። ጥርሱ አማረባት፤ ጎረቤቱም መረቃት።

ጥቂት ወራት እንደቆየ አፏን ያቃጥላት ጀመር። መጀመሪያ በርበሬ ቀነሰች፣ ከዚያ ጨርሶ ተወች። "ሳንቲም የጎረስኩ ይመስል ብረት ብረት ይለኛል" ትለኛለች። በጨው ውሃ ተጉመጠመጠች፣ ቅርንፉድ ነከሰች፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ቀመሰች። ወደ ክሊኒኩ ተመለስን። ባለሙያው ከንፈሯን ገልበጥ አድርጎ አየና "ድዱ ደህና ነው፣ አልቀላም" ብሎ ኪኒን አዘዘላት። ኪኒኑ አለቀ፤ ማቃጠሉ አላለቀም። ሌላም ቦታ ሄድን፤ እዚያም ከንፈሯን ገልብጠው አልቀላም አሉ። እኔም ቤት ውስጥ በስልኬ መብራት አየሁት፤ እንደሁልጊዜው ጥቁር ነው። ወንድሜ ካለበት ከተማ ደውሎ "ቀልቷል ወይ?" ሲለኝ "ኧረ ምንም አልቀላም" አልኩት። ሁላችንም የያዝነው ቅላቱን ነበር። ካልቀላ ደህና ነው ማለት ነው።

ደህና ግን አልነበረም፤ ነገሩ ከጥርስ አለፈ። የእናቴ ታላቅ እህት የሞተችው ከአፏ ውስጥ በጀመረ ቁስል ነው። ትንሽ ነገር ነው እየተባለ ሲታለፍ ቆይቶ በመጨረሻ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። እኛ ቤት በስሙ የሚጠራው የለም፤ "ያ ነገር" ነው የሚባለው። ያስታመምናት እናቴና እኔ ነን። ስለዚህ ስለ ጥርሷ ባወራን ቁጥር ሁለታችንም ምን እንደምናስብ እንተዋወቃለን፤ ግን አንዳችንም አናወጣውም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጎረቤታችን በራችን ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። ፊቷ ልክ አይደለም።

"እናትሽ ምን ሆና ነው? ዛሬ መጥታ አውፍ በይኝ አለችኝ" አለችኝ።

በእኛ ዘንድ ሰው እየዞረ "አውፍ በሉኝ" የሚለው፣ አስቀይሜያችሁ ከሆነ ይቅር በሉኝ የሚለው፣ ሐጅ ሊሄድ ሲል ነው፤ ወይም ሞቱን ሲያስብ። እናቴ ሐጅ እንደማትሄድ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ገብቼ ጮህኩባት።

"ማን ሞተሻል አለሽ?"

"ማንም። ሰው አውፍ ለመባባል ሐኪም ማስፈቀድ አለበት እንዴ?" አለች፤ ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም።

"ሰፈሩን በቁምሽ ለቅሶ ልታስቀምጪው ነው?"

"አትጩሂ፣ ይሰማሉ። አንቺንም አውፍ በይኝ ልልሽ ነበር፤ እንዲህ እየጮህሽ ገባሽብኝ እንጂ።"

ወላሂ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ስፈራ እቆጣለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ያን ዕለት ድስቱንም፣ ክዳኑንም፣ ድመቷንም ተቆጥቼ ነው የተኛሁት።

እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ሥራዬ ከማሽን የወጣ ጨርቅ ላይ እንከን መፈለግ ነው። አብራኝ የምትሠራ ሴት ናት እዚያው ኮምቦልቻ ስላለች አንዲት የጥርስ ሐኪም የነገረችኝ። በማግስቱ እናቴን ይዣት ወረድኩ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። እናቴ ገና ስታያት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ይቺ ልጅ የወተት ጥርሷን ጨርሳለች?" አለችኝ።

ሐኪሟ እንደሌሎቹ ከንፈሯን ገልብጣ አየች። ቀጥላ ትንሿን መስታወት አስገብታ ከጥርሱ ጀርባ፣ በላንቃ በኩል ያለውን ድድ ማየት ጀመረች። ቆየች።

"እስኪ ነይ አንቺም እይው" አለችኝ።

አጎንብሼ አየሁ። ንቅሳቱ እዚያ ድረስ አይሄድም። ብረቱ ካረፈበት ላይ፣ ጠርዙን ተከትሎ፣ ድዱ እንደበሰለ ቲማቲም ቀልቷል። ከጎኑ ካሉት ጥርሶች ጀርባ ደግሞ ጤነኛ ነው።

"ከፊት በኩል የምታዩት ንቅሳቱን ነው፤ ከሥሩ ቢቀላም አይታይም" አለች ሐኪሟ።

ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ጥቁር ጨርቅ ላይ የፈሰሰ ሻይ ስንፈልግ ኖረናል። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ሐኪሟ ጓንቷን አውልቃ እናቴ ፊት ተቀመጠችና የእናቴን ጆሮ ታይ ጀመር።

"እማማ፣ ጆሮዎ ላይ ለምን ክር አደረጉ? ጉትቻ አይወዱም?"

"እወዳለሁ እንጂ ልጄ። የገበያው ጉትቻ ያሳክከኛል፣ ውሃ ያስቋጥርብኛል። የሚስማማኝ የወርቁ ነበር፤ እሱን ለዚች ለሰርጓ ሰጠኋት።"

"ሰዓትስ ያስራሉ?"

"እጄን ያቆስለኛል፤ ተውኩት።"

"ይህን ጥርሱን ለሠሩልዎት ሰዎች ነግረዋቸው ነበር?"

"ስለ ጆሮዬ ማን ጠየቀኝ? የሄድኩት ለጥርሴ ነው" አለች እናቴ፤ እውነቷን ነው።

ሐኪሟ ሳትቸኩል አስረዳችን። ፖርስሊኑ ጥፋት የለበትም፤ ሰውነት አይጠላውም። ከሥሩ ያለው ብረት ግን ብዙ ዓይነት ነው። በአንዳንዱ ውስጥ ኒኬል የሚባል ብረት ይቀላቀላል፤ ብዙውን ሰው ምንም አያደርገውም፣ አንዳንዱን ሰው ግን ሰውነቱ አይቀበለውም፤ የገበያው ጉትቻም የሚያሳክከው በዚያው ነው። "ግን እርግጠኛ ነኝ አልልም" አለች። "ሽፋኑን አውጥቼ ለጊዜው በፕላስቲክ እሸፍንልዎታለሁ። ጥፋቱ የብረቱ ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ድዱ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ከቁስሉ ትንሽ ቆንጥሬ ለምርመራ እልካለሁ።"

ምርመራው ለምን እንደሆነ አልተናገረችም። እናቴም አልጠየቀችም። አፏን ከፈተችና "በይ አውጪው" አለች።

እነዚያ ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። በየማለዳው መብራትና መስታወት ይዤ "እስኪ ክፈቺ" እላታለሁ።

"አፌ ሱቅ ነው እንዴ በጠዋት የሚከፈተው?" ትለኛለች፤ ትከፍትልኛለች ግን። ቅላቱ የቀነሰ ይመስለኛል፣ ደግሞ ያልቀነሰ ይመስለኛል። ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ነበር። ሥራ ቦታ እንከን ያለበትን ጨርቅ አሳልፌ፣ ደህናውን መልሼ፣ አለቃዬ ምን ነካሽ እስኪለኝ ድረስ። ሳምንቱ አልፎ አንድ ቀን ምሳ ላይ ግን እናቴ እንጀራውን አዋዜ እያስነካች ስትጎርስ ያዝኳት። ሳያት ደነገጠች።

"አላቃጠለሽም?"

"አዋዜ እኮ ነው፣ ያቃጥላል" አለችኝ። "እንደዚያኛው ግን አይደለም።"

ደስ ሊለኝ ዳር ዳር አለ፤ ገፋሁት። ቀድሜ ደስ ካለኝ የሚበላሽ መሰለኝ።

በቀጠሯችን ቀን ሐኪሟ ድዱን በቀጭኑ መሣሪያዋ ዙሪያውን ነካ ነካ አደረገችው። ደም የለም። ከጀርባም አየች፣ እኔንም አሳየችኝ። የጎረቤቶቹን ጥርሶች ድድ መስሏል። "የምቆነጥረው ነገር የለም" አለች።

ያኔ እናቴ ስንት ወር የያዘችውን አወጣችው። "እንግዲያው እህቴን የወሰዳት ያ ነገር አይደለም?"

"አይደለም እማማ። ብረቱ ነው። አብሽሩ።"

እናቴ ዓይኗን ጨፍና "አልሃምዱሊላህ" አለች፤ ቆይታ ደገመችው። ከወንበሩ ላይ ስትቃና ቁመቷ የጨመረ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላት! ዝም ብላ አፏን የከፈተችው ሴትዮ ጠፍታ፣ ጠያቂ ሆነች። ሐኪሟ ምርጫዎቹን ነገረቻት። ኒኬል የሌለበት ሌላ ብረትም አለ፤ ግን አንዴ በተቆጣ ድድ ላይ እሱን መሞከር አልወደደችም። ወርቅ በብዛት ያለበት ብረት ላይ ፖርስሊን መሥራት ይቻላል፤ ወርቅ እንደሚስማማት ጆሮዋ መስክሯል። ሌላው ዚርኮኒያ የሚባለው ነው፤ ነጭ ሆኖ የሚወጣ፣ እንደ ብረት የጠነከረ፣ ብረት ግን ያልሆነ።

"ከምንድነው የሚሠራው? አጥንት ነው? የምን አጥንት?" አለች እናቴ። የእንስሳ ነገር ከሆነ ሳታጣራ አፏ እንደማይገባ ገብቶኛል።

"አጥንት የለበትም። ከአሸዋ የሚወጣ ማዕድን ነው፤ ተፈጭቶ በኃይለኛ እሳት የሚቃጠል።"

"እንደ ገንቦ በይኛ! እሱ ጥሩ ነው።"

"የወርቁ ብረትም አይከፋም" አለች ሐኪሟ። "እንዲህ ያለ ሽፋን ውሎ ሲያድር ድዱ ጋ ጥቁር መስመር ሊያሳይ ይችላል፤ ሌላ ሰው ይቀፈዋል። የእርስዎን ግን ንቅሳቱ ይደብቀዋል።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ሰማሽ? አንቺ ግን እንቢ አልሽ።"

በመጨረሻ ዚርኮኒያውን መረጠች። "ወርቁ መልካም ነው፤ ከአሁን በኋላ ግን በአፌ ውስጥ ብረት የሚባል እንዳልሰማ" አለች። ሐኪሟ የጥርስ ቀለም የሚመረጥበትን ናሙና ስታቀርብላት እኔ ነጣ ያለውን አሳየኋት፤ እጄን ገፋችው። "ሰው አሮጊቷ ጥርስ ተዋሰች ይለኛል" ብላ ቢጫ ቢጫ የሚለውን፣ የራሷን መሳይ፣ አነሳች። ልክ ነበረች። ልኩ ተወሰደ፤ ተሠርቶ እስኪመጣ በፕላስቲኩ እንድትቆይ ተነገረን።

ሚኒባስ ተሳፈርን። እናቴ መስኮት ጋ፣ እኔ ከጎኗ። ሾፌሩ ሙዚቃ ከፍ አድርጎ የሐረጎን ዳገት እንደጀመረ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እንባዬ መጣ። የእናቴን እህት ያስታመምን ጊዜ ቆሜ ነው ያሳለፍኩት፤ እናቴን አፏን ባቃጠላት ወራትም አንዲት ጠብታ አላወጣሁም፤ መቆጣት ብቻ። አሁን ሁሉም በአንዴ መጣብኝ፤ በሻሼ ጫፍ አፌን ባፍነውም ድምፄ አመለጠ። ከፊት የተቀመጡት ሴት ዞር ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ "አላህ ሰብሩን ይስጥሽ ልጄ" አሉ። ረዳቱ ለሾፌሩ አንድ ነገር ሹክ አለው፣ ሾፌሩም ሙዚቃውን ዘጋው። መኪናው ሙሉ ለቅሶ ቤት ሆነ።

"ማን ሞቶባት ነው?" አሉ ሴትዮዋ ቀስ ብለው።

እናቴ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። "ኧረ ማንም አልሞተባት" አለች። "እኔ ድኜላት ነው።"