መሰለችና የጪጩ ልጆች

መሰለች ጨለለቅቱ አጠገብ ካለ አንድ የቡና ማጠቢያ ገብታ ቡና መልቀም ስትጀምር ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አርባ አንድ ሞልቷታል። የታጠበው ቡና በእንጨት ቋሚ ላይ በተወጠረ ሽቦ ይሰጣል፤ አልጋ ይሉታል። ሴቶቹ በአልጋው ግራና ቀኝ ተደርድረው የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ተባይ የነካውን እየለቀሙ ይጥላሉ። ሥራው እጅን እንጂ አፍን አይዝም። በጨዋታ ደግሞ መሰለችን የሚያህል የለም። የጎረቤቷ ዶሮ እንዴት እንደጠፋ ስታወራ እንኳ ሴቶቹ ቡናውን ትተው እሷን ያያሉ። በዚህ የተነሳ አለቃዋ ሁለት ጊዜ ቦታ ቀይሮባታል።

ታዲያ እንዲህ ያለች አንደበተ ርቱዕ ሴት፣ ልጆች ፊት ስትቆም ምን ነካት?

ነገሩ እንዲህ ነው። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው የልጆች አስተማሪ አግብታ ሐዋሳ ከገባች ወዲህ አርባ የሚሆኑ ልጆች እሑድ እሑድ ከአዋቂዎቹ ኋላ ይደረደራሉ። ግማሾቹ ይተኛሉ፣ ግማሾቹ ይቆነጣጠጣሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ "ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ያላመጣ ሰው ልጆች ፊት አይቆምም" ብለው ቆርጠዋል። "ማን ይሂድ?" ሲባል ሁሉም ጫማ ጫማውን አየ። እጇን ያወጣችው መሰለች ብቻ ናት። የራሷ ሦስት ልጆች ከቆንጣጮቹ ወገን ስለሆኑ ነው ብለው ያሟት ነበሩ፤ እሷም አልካደችም።

ሥልጠናው ዲላ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ስምንት ወር። ስምንተኛ ክፍል ላይ የተወችውን ደብተር እንደገና ገዛች። አብረዋት የሚማሩት አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። ከእነሱ አንዷ ሉሲ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጠገቧ ተቀምጣ "እትዬ መሴ፣ ስልኩን እንዲህ ነው የምታደርጊው"፣ "እትዬ መሴ፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል" ስትላት ከርማለች። በምትኩ ከመሰለች ቦርሳ የሚወጣ ቆሎ የሉሲ ድርሻ ነው።

አሠልጣኙ ጋሽ ፈለቀ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ቀይ እስክሪብቷቸው ግን ጡረታ አልወጣም። በገቡ ቁጥር የሚሏት አንድ ነገር አለች። "ልጅን አታስፈራሩ። የፈራ ልጅ አስተማሪውን አያይም፤ በሩን ነው የሚያየው።" መሰለች ይህችን በደብተሯ ሦስት ቦታ ጽፋታለች።

መጻፏ ግን አልጠቀማትም። በመጀመሪያው የማስተማር ፈተና ለልጆች የምትነግረው የኖኅ መርከብ ደረሳት። ስትጀምር ምላሷ ተሳስሮ ከወረቀቷ ላይ ዓይኗን ማንሳት አቃታት። እየቆየች ስትሞቅ ግን የአልጋው ዳር መሰለች ብቅ አለች፤ አይ መምጣት! "ውሃው ጉልበት ደረሰ! ደረት ደረሰ! አፍንጫ ደረሰ!" እያለች በእጇ ስታሳይ አንዱ "እማዬ!" ብሎ ጮኸ። ሌላዋ ተቀበለችው። ቀስተ ደመናው ጋ ሳትደርስ አሥራ አንድ ልጅ አለቀሰ። ጋሽ ፈለቀ ቆጥረው በቀይ ጻፉት።

"እህት መሰለች፣ አንድ ዕድል ብቻ ይቀርሻል" አሏት። "እሱም ካልሆነ የሚቀጥለውን ዙር መጠበቅ ነው።"

የሚቀጥለው ዙር ማለት ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ነው። አርባ ልጅ ሌላ ዓመት ከመንፈቅ ኋላ ወንበር ሊተኛ ነው!

ሁለተኛው ፈተና ከዲላ ብዙም በማይርቀው በጪጩ፣ በአንዲት አጥቢያ ልጆች ፊት ሆነ። ርእሱ በዕጣ ነው። መሰለች ወረቀቷን ስትገልጥ "እግዚአብሔር መርጦናል" ይላል። በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት።

"ውሃ የለበት፣ እሳት የለበት!" አለች ለሉሲ። "ምርጫ ከሆነማ ጓዳዬ ገባሁ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የመረጥኩ ሴት አይደለሁ?"

"ብቻ እትዬ መሴ፣ በፈጠረሽ ማንንም አታስጥሚ!" አለች ሉሲ።

"ልጆቹ የሚያውቁትን ነገር ይዛችሁ ግቡ" ተብለዋልና ከጓሮዋ ያልተለቀመ ቡና በሰፌድ ይዛ ሄደች። ሃያ ስድስት ልጆች፣ ሁሉም ከቡና ሥር የወጡ፣ ሰፌዱን ሲያዩ ተንጠራሩ። ጋሽ ፈለቀ ኋላ ጥግ ተቀምጠው እስክሪብቷቸውን ከፈቱ። መሰለች የመጀመሪያውን መስመር ወረቀቷ ላይ ፈለገች፣ አጣችው።

ግን ሰፌዱን ጭኗ ላይ እንዳሳረፈች እጇ ሥራውን ያውቅ ነበርና መልቀም ጀመረ፤ እጇ ሲፈታ አፏም ተፈታ። "አያችሁ ልጆች፣ ይቺ ደህና ናት፣ መረጥናት። ይቺም ቆንጆ ናት፣ መረጥናት። እግዚአብሔርም እኛን እንዲህ አንድ በአንድ አይቶ መረጠን።" ልጆቹ አብረዋት "መረጥናት!" ይላሉ። እንዴት ያለ ማማር! ጋሽ ፈለቀ እንኳ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ይሄኔ ፊት የተቀመጠች፣ ሁለት የፊት ጥርሷ የወለቀ ማርቲ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ያቺ የተሰበረችውስ?"

ሃያ አምስት ዓመት ያንኑ የሠራ እጅ አንጎልን መቼ ይጠብቃል? የመሰለች ጣቶች የተሰበረችውን ፍሬ አንስተው በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ወረወሯት። አፏም ተከተለ፦ "እሷማ ትጣላለች!"

ፍሬዋ ሲሚንቶው ላይ ቀጭ ብላ አረፈች።

ማርቲ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ በጌዴኦኛ አንሾካሾከች። ቋንቋው የመሰለችም የእናቷ ነውና አንዷም ቃል አላመለጠቻትም፦ "እኔ ትናንት የእማዬን ሳህን ሰብሬያለሁ። እኔም እጣላለሁ?" ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የጎረቤቷም ቀጠለ። ኋላ ያሉት ደግሞ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ከንፈራቸውን አዘጋጁ። መሰለች ውሃው እንደገና ሲሞላ አየች፤ ጉልበት፣ ደረት፣ አፍንጫ። ወረቀቷን አየች፤ ወረቀቱ ላይ ለዚህ የሚሆን ምንም አልተጻፈም። ጋሽ ፈለቀ እስክሪብቷቸውን ወረቀት ላይ አሳረፉ። "በቃ፣ አለቀልኝ" አለች በሆዷ።

ያን ጊዜ ከመሀል ሀሴት የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ብድግ አለች።

"ማን ይጥላታል! ቲቸር ውሸት ነው! እኛ ቤት እኮ የምንጠጣው እሷን ነው!"

"እኛም!" አለ አንዱ።

"የእኔ እናትም ለቅማ፣ የተሰበረውን ለቤት ነው የምታስቀረው!"

"እኛም! እኛም!"

"ደህናውስ?" አለች መሰለች። "ደህናው የት ይሄዳል?"

"መኪና ይጭነዋል!" አሉ በአንድ ድምፅ። "ሩቅ አገር!"

እውነታቸውን ነው! የመሰለችም ቤት እንዲሁ ነው፤ ልጆቿን ያሳደገችው የተሰበረውን እየጠጣች አይደል? በየቀኑ የምታደርገውን ነገር ልጆች ነገሯት። ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ከተተች፤ ከወንበሯ ወርዳ በጉልበቷ እየዳኸች ፍሬዋን ከሲሚንቶው ላይ ፈለገች። ልጆቹም "እዚያ ጋ ነች! ከእግርሽ ሥር!" እያሉ አጋዟት። አግኝታ ለማርቲ መዳፏ ላይ አኖረችላት።

"ቲቸር ተሳስታለች" አለች። "ሰው የተሰበረውን ይጥላል፤ እኔም እጄ ለምዶ ጣልኩት። እግዚአብሔር ግን እንደ እናቶቻችሁ ነው። የተሰበረውን 'ይሄ የቤቴ ነው' ብሎ ያስገባዋል። ማርቲዬ፣ ሳህን የሰበረ ልጅ የት ነው የሚገባው?"

ማርቲ ፍሬዋን አየች፣ መሰለችን አየች። "ቤት" አለች፤ ጥርስ በሌለበት ሳቀች። "ግን እማዬ ትቆጣለች።"

"ቁጣውማ አይቀርም!" አለች መሰለች፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስቱም ሰፌዱን ከበው የተሰበረውን እየፈለጉ "የቤቴ ነው!" እያሉ ሲሻሙ ሰዓቱ አለፈ።

ልጆቹ ሲወጡ ጋሽ ፈለቀ ሰዓታቸውን አዩ።

"እህት መሰለች፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ አሳልፈሻል።"

"አዎ ጋሼ።"

"መዝሙሩን ረስተሻል። ጥቅሱን በቃል አላስጠናሽም። ልጅም አስፈርተሻል።"

"አዎ ጋሼ" አለች፤ ወለሉን እያየች።

"ያስፈራሻትን ልጅ ግን አንቺው አሳቅሻት፤ 'ተሳስቻለሁ' ብለሽ። እኔ ይህን ቃል ልጆች ፊት ለማለት ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል።" ወረቀቱን ሰጧት። "አልፈሻል።"

"እ?"

"አልፈሻል ነው የምልሽ።"

"ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ።"

"አልፈሻል! አሁንስ በጌዴኦኛ ልበልሽ?"

መሰለች የልጆቹ አግዳሚ ላይ ዝርፍጥ አለች። ሉሲ ከውጭ እየሮጠች ገብታ ተጠመጠመችባት። መሰለች ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ እሷም አልለየችውም። እፎይ! ያ ሁሉ ሰሞን ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ተነስቶ የሄደ ያህል አየሩ ወደ ውስጥ ገባላት።

ባሏ ጋ ደወለች። ፊሊጶስ ስልኩን ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳው። የሚሰማው ግን ልቅሶ የሚመስል ሳቅ ብቻ ነው።

"መሰለች? ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም! አለፍኩ! ፊሊጶስ፣ አለፍኩ እኮ!"

እሱ ከወዲያ "አለፈች!" ብሎ ሲጮህ፣ ከኋላው የሦስቱ ልጆች ጩኸት ስልኩን ሊሰነጥቀው ደረሰ።

"በይ ቶሎ ነይ" አለ ፊሊጶስ። "ልጆቹ 'እማዬ እስክታልፍ' ብለው ከጠዋት ጀምሮ ጾም ጸሎት ይዘዋል። እኔንም አስገድደውኛል። በረሃብ ልናልቅ ነው!"

"ብሉ!" አለች መሰለች፤ እያለቀሰች፣ እየሳቀች። "ኧረ አሁኑኑ ብሉ!"