እትዬ በላይነሽና እምቢ ያለው ጆሮዬ

ባለፈው ሰሞን ልጄን ጆሮዋን ላስበሳት ጦር ኃይሎች አጠገብ ወዳለ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ወስጃት ነበር። ሠራተኛዋ ጥጥ በአልኮል ነክራ የልጄን ጆሮ ስትጠርግ ሽታው አፍንጫዬ ገባ፤ ወዲያው የራሴ ጆሮ አሳከከኝ። አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ ጆሮዬ ግን እትዬ በላይነሽን አልረሳም።

እትዬ በላይነሽ ኮልፌ በአንድ አጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው የሚያስሩ፣ ድምፃቸው ለሁለት ሰው የሚበቃ ሴት። የሰፈሩን ሴት ልጆች ጆሮ የሚበሱት እሳቸው ናቸው። «እኔ የበሳሁት ጆሮ መግሎ አያውቅም» ይሉ ነበር። ይህን የማይሉበት ቦታ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ይላሉ። ቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ ሊቀመንበሩ ስለ ንቃተ ኅሊና ሲያወራ፣ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት ይላሉ።

የኔ ጆሮ መገለ።

የተበሳሁት በሰባት ዓመቴ ነው። መርፌውን በላምባ ምድጃው ነበልባል አግለው፣ በአረቄ አጥበው፣ ጆሮዬን በሁለት ጣታቸው አሽተው አሽተው ካደነዘዙት በኋላ «እስቲ ቁጠሪ» አሉኝ። ሦስት ሳልደርስ አለቀ። ቀዳዳው እንዳይደፈን ቅቤ የነካ ስንደዶ ሰኩበት። ሁለት ሳምንት ምንም አልሆንኩም። ከዚያ ስንደዶውን አወጡና ከመርካቶ የገዟትን ቢጫ ጉትቻ አደረጉልኝ። በሦስተኛው ቀን ጆሮዬ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ አብጦ ማዠት ጀመረ።

«በቆሻሻ እጅሽ ነክተሽው ነው።»

«አልነካሁም፣ እትዬ።»

«ነክተሻል!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም አጣሁ። ጆሮዬን እንደ ስድብ ቆጠሩት። ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ደብተሬን እንኳ ሳላስቀምጥ ጆሮዬን ይዘው ወደ ፀሐይ ያዞሩኛል። ቢጫውን አውጥተው ነጭ አደረጉ፤ ቆሰለ። ነጩን አውጥተው ከዘመዳቸው የተዋሱትን ወርቅ አደረጉ፤ ብሶበት ቆሰለ። በዚሁ ሰበብ ወርቁ ወርቅ አለመሆኑ ታወቀና ከዘመዳቸው ጋር ተኳረፉ። የዚያም ጥፋተኛ እኔ ሆንኩ። በየመሃሉ ስንደዶውን ሲመልሱት ቁስሉ ይደርቃል። «እትዬ፣ ስንደዶው እኮ አያመኝም» ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኳቸው! «ዝም በይ፣ ልጅ ምን ያውቃል» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ «እሳቸው የሚሉሽን ስሚ» ትለኛለች። የሚሰማ የጠፋው ለኔ ነበር፤ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። እንዲህ እንዲህ ሲባል ሁለት ዓመት አለፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ!

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ጉትቻ በወረቀት ጠቅልለው ሲመጡ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ከፈለጉ ጆሮዬን ቆርጠው ይውሰዱት!» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ለትልቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። እትዬ በላይነሽ ግን አልተቆጡም። ጆሮዬ ላይ ያለውን ስንደዶ አዩ፤ እጃቸው ላይ ያለውን ጉትቻ አዩ።

«ስንደዶው አያምም ነው ያልሽው?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ነገርኩዎት!»

«ብረቱ ነዋ!» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። «የበሳሁት ቀዳዳ ምንም የለበትም፤ ብረቱ ነው!»

በዚያው ቀን ቀጭን የወይራ እንጨት ይዘው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። በምላጭ ቀረፁት፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያንሸራትት ፋቁት፤ ኑግ ዘይት አጠጡት። ጭንቅላቷ እንደ ሽምብራ ክብ የሆነች፣ እግሯ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች ጉትቻ ወጣች። ጆሮዬ ላይ ገባች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር ቆየች። ምንም።

መቼም ይህን ለብቻቸው ይዘው አይቀመጡ። ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጥቷል ተብሎ እናቴን ጨምሮ ሴቶቹ ሁሉ በተሰለፉበት ጠዋት ጆሮዬን ይዘው ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አስጎበኙኝ። «እዩ! በእጄ የሠራሁት ነው! ብረት ለማይስማማው ገላ!» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

«ለኔም ልጅ ቢሠሩላት፣ እትዬ» አለች ከሰልፉ መሃል አንዲት እናት፣ ቀስ ብላ።

«ያንቺ ልጅ ምን ሆነች?»

«ያው፣ ጆሮዋ ያዣል።»

«እኔ የበሳሁት?»

«ከበሷት ጀምሮ።»

ከዚያ ሌላዋ «የኛዋም ጉትቻ የምታደርገው እርስዎ ሲመጡ ብቻ ነው» አለች። ሦስተኛዋ ተከተለች፤ አራተኛዋም። ለካ ሁሉም ፈርቶ ደብቋቸው ኖሯል። መደበቅ ያልቻልኩት አጥር የምጋራቸው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ። ያ ለሁለት ሰው የሚበቃ ድምፅ ለአንድም አልበቃ አለ።

«እንዳይከፋዎት ነዋ!»

ስኳራቸውን ሳይወስዱ ተመለሱ። ለቀናት ከቤት አልወጡም። እንዲተዉኝ ስንት ጊዜ እንደጸለይኩ እግዜር ያውቃል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን በር ላይ ሳጣቸው ሆዴ ባባ።

በሳምንቱ እሁድ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምላጭና ወይራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። «ነይ፣ ተነሺ» አሉኝ። የበሱት ጆሮ ያለበትን ቤት ሁሉ እኔን እንደ ምስክር እየጎተቱ አዳረሱት። «ያዣል አያዥም? እውነቱን!» ይላሉ። ያዣል ያለችውን ይለኩና ይቀርፁላታል። ያን ክረምት ጨዋታዬን ሁሉ ትቼ እንጨት ስፍቅላቸው ከረምኩ። ማንም ፈቃዴን አልጠየቀኝም።

እትዬ በላይነሽ ያረፉት እኔ ትዳር ከያዝኩ በኋላ ነው። ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ወደኔ ጠጋ አለች።

«የኔም መግሎ ነበር» አለች በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«ጆሮዬ ነዋ። ሙሽራ ሆኜ ኮልፌ ስገባ የበሱኝ እሳቸው ናቸው።»

ድንኳን ውስጥ ባንሆን ኖሮ እጮህ ነበር። «ታዲያ ያን ጊዜ ሰልፉ ላይ ምነው ሳትናገሪ ቀረሽ?»

«ልናገር ነበር። ፊታቸውን አየሁና ተውኩት።»

ሻሿን በአንድ ጣቷ ገለጥ አደረገችልኝ። ቀዳዳው ተደፍኗል፤ በቦታው የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ ቀርታለች። አይቼ ሳልጨርስ ለቀስተኞች ገቡና ሻሿን መልሳ ለማልቀስ ተነሣች።