ከአማቴ ጋር ለጨረር መደኒ

ጡቴ በቀዶ ሕክምና ከተነሳ በኋላ የጎንደሩ ሐኪም «አሁን የቀረሽ ጨረር ነው» አለኝ። በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ጨርሻለሁ፤ የረገፈው ጸጉሬም ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። የት እንደሚሰጥ ጠየቅሁት።

«አዲስ አበባ ነው፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው።» ካርዴን አገላብጦ ከመተማ መምጣቴን አየና፣ «ለእናንተስ ሱዳን አይቀርብም? መደኒ የሚባል ከተማ ይሰጣል» አለኝ።

እኔ መተማ ዮሐንስ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባሌ ኮኪት አጠገብ ሰሊጥ ያርሳል። ሱዳን ለእኛ ድልድዩን መሻገር ነው፤ ከደንበኞቼ ግማሾቹ ከማዶ፣ ከገላባት ናቸው፤ አረብኛውንም ከእነሱ ጋር ስከራከር ነው የለመድኩት። ከመካከላቸው ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ፣ የምታመጣልኝ አንዲት ነጋዴ ነገሩን ስትሰማ ለአፍታ እንኳ አላሰበችም። «እናቴ መደኒ ናት። ቤቷ ሰፊ ነው፣ ብቻዋን ናት። እሷ ጋ ታርፊያለሽ» አለችኝ።

አብሮኝ የሚሄድ ሰው ግን ጠፋ። ወሩ መስከረም ነው፤ ሰሊጥ ደግሞ ቀኑ ካለፈ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ባሌ «ይቅር፣ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ» ሲል እናቱ፣ አማቴ፣ ከጥግ ሆነው ሰሙት።

«አንተ አጨዳህን እጨድ» አሉት። «እኔ እወስዳታለሁ።»

ባሌም እኔም ተያየን። አማቴ የወገራ ሰው ናቸው፤ እኛ ዘንድ ከወረዱ ዓመታት ቢያልፉም ከቆላው ሙቀት ጋር አልታረቁም። አረብኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ድልድዩን እንኳ ተሻግረው አያውቁም።

«እማዬ፣ አገሩ ይከብድዎታል» አልኳቸው።

«አንቺን ካልከበደሽ እኔን ምን ይከብደኛል?»

ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ቀረኝ፦ ክንዴ። ለጨረሩ ክንድን ከራስ በላይ አድርጎ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ያስፈልጋል፤ የእኔ ግን ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ከትከሻዬ አልፎ አልነሳ ብሏል። ሐኪሙ እንዳሳየኝ ግድግዳ ፊት ቆሜ ጣቶቼን ሽቅብ አራምዳለሁ። አማቴ የደረስኩበትን በከሰል ያሰምሩና በማግስቱ «ትናንት እዚህ ነበርሽ፤ ዛሬ ጨምሪ» ይሉኛል። ሲያመኝ እጮሃለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ከሰላቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ያ ግድግዳ እስኪጠቁር ድረስ ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ ግን እጄ ከራሴ በላይ ወጣ። በስፌት መኪናዬም ከስስ ጥጥ ከፊት የሚከፈቱ፣ ብብታቸው የሰፋ ሸሚዞች ሰፋሁ።

መደኒ ስንደርስ የነጋዴዋ እናት በር ላይ ጠበቁን። ሴትዮዋ ረጅም፣ ድምፃቸው ወፈር ያለ ነበሩ። አማቴን እጃቸውን ይዘው ወደ ጥላው ወሰዷቸውና በገመድ በተታታ አልጋ ላይ አስቀመጧቸው። አንዳቸው በአማርኛ፣ ሌላቸው በአረብኛ ያወራሉ፤ እኔ ላስተረጉም ስል ግን ሁለቱም አላዩኝም። ሴትዮዋ የእኛ ሰው የእስላም ሥጋ እንደማይበላ ያውቁ ነበርና ሳንነግራቸው ሥጋውን ተዉት፤ ጠዋት ማታ ፉል፣ ምስር፣ ቲማቲም ሆነ። አማቴ «እዚህስ ረቡዕና ዓርብ ሳላስበው ይጾማል» ብለው ሳቁ።

ሆስፒታል መጀመሪያ የሄድንበት ቀን ጨረር አልሰጡኝም። ደረቴ ላይ በቀለም መስመር አሰመሩና እንዳይጠፋ አስጠነቀቁኝ። መታጠብ በልክ፣ ፈትጎ ማሸት የለም፣ ሽቶ የለም፣ ቅባት የለም።

«ቅቤስ?» አሉ አማቴ፤ አስተረጎምኩላቸው።

«ቅቤም የለም» አለ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ።

አማቴ ከወገራ ያስመጡት ቅቤ ሻንጣችን ውስጥ ነበር። በዚያ ሙቀት ላቤ መስመሩን እንዳያጥበው ቀኑን ሙሉ በሰሌን ማራገቢያ ያራግቡልኝ ጀመር።

ሕክምናው ራሱ አጭር ነው። ክንዴን አነሳለሁ፣ ሁሉም ከክፍሉ ይወጣሉ፣ ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ያልቃል። ምንም አይሰማም። አማቴ ግን በር ላይ ተቀምጠው ያለቅሱ ኖሯል። አንድ ቀን ባለሙያው አያቸውና ምን ሆነው እንደሆነ ጠየቀኝ።

«እማዬ፣ ምነው?» አልኳቸው።

«እሳት ውስጥ እያስገቡሽ እኔ ልሳቅ?» አሉ። «ጨረር ማለት እሳት አይደለም እንዴ? ቆዳሽ ሲጠቁር አያለሁ እኮ።»

ለባለሙያው ስነግረው አልሳቀባቸውም። በማግስቱ እሱ ማሽኑን በሚያንቀሳቅስበት ክፍል ወንበር ሰጣቸውና እኔ ተኝቼ ማሽኑ ሲዞርብኝ በቴሌቪዥኑ አሳያቸው። «ማፊ ናር፣ ሐቦባ» አላቸው፤ እሳት የለም፣ አያቴ፣ ማለቱ ነው። ስወጣ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «እውነትም እሳት የለም» አሉኝ። «ሰው ዳመራን እንደሚዞር ዝም ብሎ ይዞርሻል እንጂ።» ከዚያ ወዲያ ማልቀሱ ቀረ፤ ባለሙያውንም ባዩት ቁጥር መመረቅ ጀመሩ።

እየቆየ ግን የብብቴ ቆዳ ተላጠ። ድካሙም ሌላ ነው፤ የሰራሁት ሥራ ሳይኖር ድንጋይ ስሸከም እንደዋልኩ ያደርገኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሸሚዜን መልበስ አቃተኝና ሻንጣዬን ማሰር ጀመርኩ።

«በቃኝ፤ ቤቴ እገባለሁ» አልኳቸው።

አማቴ ከአልጋው አልተነሱም። «ግቢ። እኔ ግን የትም አልሄድም። ልጄ ሲጠይቀኝ ‹ሚስትህ ከመንገድ ተመለሰች› አልለውም።»

«እኔ ከሌለሁ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ከዚች ሴትዮ ጋር እጫወታለሁ» አሉ፣ ፉል የሚለቅሙትን ባለቤቲቱን በአገጫቸው እያሳዩ። ሴትዮዋ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው «አይዋ፣ አይዋ»፣ አዎ፣ አዎ፣ አሉ። ሳቄ መጣ፤ ስስቅ የተላጠው ቆዳዬ አመመኝ፤ እያመመኝ ሳቅሁ። ሻንጣውን መልሼ ፈታሁት። በማግስቱ ሐኪሙ ቆዳዬን አይቶ የሚቀባ መድኃኒት ሰጠኝ፣ ቀስ በቀስም ማቃጠሉ በረደልኝ።

ባሌ በሱዳን ሲም ይደውላል፤ የሱዳኑ ኔትዎርክ መተማ ድረስ ይገባል። ገበያ ሲወጣ ጠብቆ ነው የሚደውለው። ሂላው፣ ማለትም ታጭዶ የቆመው ነዶ፣ ደርቆ እየተራገፈ መሆኑን ይነግረኛል፤ እኔ ስለ ቆዳዬ እነግረዋለሁ። ከዚያ ስልኩን አማቴ ይቀሙኝና «ደህና ናት፤ ትበላለች» ብለው ይዘጉታል።

የመጨረሻው ቀን ባለሙያው «ኸላስ»፣ አለቀ፣ ሲለኝ ማመን አቃተኝ። ሴትዮዋ ለአማቴ ቶብ አለበሷቸው፤ አማቴ በምላሹ ያን ቅቤ ሰጧቸው። ገላባት ስንደርስ ባሌ ድልድዩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እናቱን በቶብ ተጠቅልለው ሲያያቸው መጀመሪያ አላወቃቸውም።

ቆዳዬ ለብዙ ጊዜ ጥቁር ሆኖ ቆየ፤ ኋላ ተገፍፎ አዲስ ወጣ። ወደ ስፌት መኪናዬም ተመለስኩ። ዓመት እየቆጠርኩ ለምርመራ መደኒ ስሄድ አማቴ አብረውኝ ይሄዳሉ። «አሁን ደህና ነኝ፤ ብቻዬን እችላለሁ» ብላቸውም አይሰሙኝም። ሆስፒታሉ በር ላይ ያወርዱኝና እሳቸው በሪክሻ፣ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ ወደ ጓደኛቸው ቤት ይቀጥላሉ። ውጤቴን ይዤ ስደርስ ሁለቱም ጥላው ሥር ሆነው፣ አንዳቸው በአማርኛ ሌላቸው በአረብኛ፣ ሲከራከሩ አገኛቸዋለሁ።