የሽማግሌው ሳል

ሰፈሩ «ጥሩምባ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት የጡብ ፋብሪካው ጫኝና አውራጆች ናቸው። መኪናዋ ከመታጠፊያው ሳይደርስ ጥሩምባው ቀድሞ ስለሚሰማ ነው ይላሉ፤ ከሹፌሯ አፍና ከመኪናው ጥሩምባ የቱ እንደሚብስ ግን እስካሁን አልተስማሙም። እሷም ስሙን አልጠላችውም። በዚያ ሁሉ ወንድ መሃል መሪ የምትጨብጥ ሴት አንገቷን ደፍታ ብትሄድ ኖሮ ገና ድሮ መንገዱን ያስለቅቋት ነበር።

መኪናው ደግሞ «ሽማግሌው» ነው፤ በቤንዚን የሚሄድ፣ በዕድሜ እሷን የሚበልጥ የጭነት መኪና። ባሏ ከታላቅ ወንድሙ ጋር በጋራ ገዝቶት እስኪሞት ድረስ ጡብ አመላልሶበታል። ከቀብሩ በኋላ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «ምን ይሻላታል?» እያለ ሲመክር፣ እሷ ቁልፉን ከግድግዳው አንስታ ወጣች። ሁለት ሴት ልጆቿን የሚያበላውም የሚያስተምረውም ይኸው መኪና ነው።

ሽማግሌው ሰሞኑን ማሳል ጀመረ። ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል። ጡብ ተሸክሞ ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስና ነዳጅ ስትሰጠው ግን ድንገት እጥፍ ይላል፣ ይንተፋተፋል፣ ደግሞ ይነሳል፣ በመጨረሻ ቀጥ። ከኋላ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ይጮህባታል። እሷም በመስኮት ብቅ ብላ የእጃቸውን ትሰጣቸዋለች።

ሜካኒኩ የቤንዚን ማጣሪያውን ቀየረ፤ ካርቡራተሩን ፈቶ አጠበ። ሽማግሌው አሁንም ሳለ።

«እህቴ፣ ይሄ ሞተር በቃው» አለ ሜካኒኩ እጁን እየጠረገ።

ይህን ቃል የባሏ ታላቅ ወንድም ሰማና ሳይውል ሳያድር መጣ። ዳገቱ አናት ላይ ያረጀ መኪና እየገዛ፣ እየቆራረጠ ብረቱን የሚሸጥ ሰው አለ።

«ተነጋግረናል፤ ነገ ይወስደዋል» አላት። «ግማሹ የእኔ ነው። አንቺም ትገላገያለሽ።»

«ማን ገላግሉኝ አለ?»

«ሰው እኮ እየሳቀብሽ ነው!»

«ይሳቃ! ለእነሱ ጥርስ ብዬ መኪናዬን አላሳርድም። ጋሼ፣ ነገ እስኪመጣ ሽማግሌው የእኔ ነው።»

ንዴቷን ይዛ ጋቢና ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ቀስ እያለ ነው የሚደክመው። የሽማግሌው ግን እንደዚያ አይደለም፤ አምፖል ሲጠፋና ሲበራ እንደሚሆነው ነው። የጎደለው ቤንዚን ሳይሆን እሳት ነው ብላ ልቧ ነገራት። ግን ለምን አንዳንድ ቀን ይብስበታል? የቆመባትን ቀናት አንድ በአንድ አስታወሰች። የሚብሰው ሰኞ ነው፤ ወደ ቅዳሜ ይሻለዋል።

እሁድ እሁድ ባሏ መኪናውን ያጥብ ነበር። ውጪውን ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩንም ውሃ ያጠጣዋል። «ሞተርም ገላ ነው» ይል ነበር። እሷም ከእሱ በኋላ አንድም እሁድ አላስታጎለችም። ጥቁር ልብሷን አውልቃለች፣ ይህችን ግን መተው አልሆነላትም። ቤንዚኑን ወደሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች እሳት የሚወስዱት ገመዶች ጤነኛ ሳሉ ውሃው ምንም አላደረገም። አሁን ልባሳቸው ተሰነጣጥቆ ከሆነስ?

«ወይ ጉዴ!» ብላ ግንባሯን መታች። «ሳል የሰጠሁት እኔው ነኛ!»

በማግስቱ ጠዋት የባሏ ወንድም የሜካኒኩ ጋራዥ ሲደርስ፣ ባሏ ጋቢና ውስጥ ይለብሰው የነበረውን ወፍራም ብርድ ልብስ በተከፈተው ኮፈን ላይ ስትዘረጋ አገኛት። ከገመድ የሚሾልክ እሳት በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም፤ ጨለማ ይፈልጋል።

«ሽማግሌውን ልታጥኚው ነው?» አለ ሜካኒኩ እየሳቀ።

«ሳል አይደል ያለበት? አጥነዋለሁ። ይልቅ ግባና ሞተሩን አስነሳልኝ።»

አንድ ኩባያ ውሃ ይዛ ከብርድ ልብሱ ስር ገባች። ባሏ ባሏ ሸተታት፤ ቤንዚንና ላብ። እንባዋ መጣ። የሚያያት አልነበረምና አልከለከለችውም። ከዚያ ገመዶቹ ላይ ውሃውን በጣቷ ረጨችና «ነዳጅ ስጠው!» ብላ ጮኸች። ሞተሩ አጓራ። ከአንደኛው ገመድ ሰማያዊ እሳት ብልጭ እያለ ወደ ሞተሩ ብረት ዘለለ፤ ከሌላኛውም እንዲሁ። ካንዴላው ጋ መድረስ የነበረበት እሳት መንገድ ላይ እየቀረ ነበር።

«ጋሼ፣ ና እይ!»

የባሏ ወንድም ጭንቅላቱን አስገባ። «የታለ?» አለና በጣቱ ሊያመለክት ሲል ገመዱን ነካው። ጩኸቱ ሰፈሩን አናወጠው። አናቱን ከኮፈኑ ጋር አላትሞ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ወደ ኋላ ተንደረደረ።

«ለሞተ ሞተር ክንዱ አይከፋም፣ አይደል ጋሼ?» አለችው።

ሜካኒኩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ሱቅ ሄዶ አዳዲስ ገመዶች አምጥቶ ገጠመላት።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ጡቡን እስከ አፍ ገደፉ ተጭኖ ዳገቱን ተያያዘው። የባሏ ወንድም ጣቱን እያሸ አጠገቧ ተቀምጧል። ወገቡ ላይ ሲደርሱ እጇ በልማድ ወደ እጅ ፍሬኑ ሄደ። ነዳጁን ረገጠችው። ሽማግሌው አንዴም ሳያስል ጎተተ።

አናቱ ሊደርሱ ሲሉ ብረት ገዢው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ቆሞ ታየ።

«አቁሚና እኔ ልንገረው፤ ቃል ሰጥቼዋለሁ» አለ የባሏ ወንድም።

«ዳገት ላይ አላቆምም!»

ጥሩምባውን ተጭና፣ ሰውየውን እስኪያልፉ እጇን አላነሳችም። ጥሩምባው ጸጥ ያለው ሽማግሌው ሜዳው ላይ ሲወጣ ነው። የባሏ ወንድም ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሁድ እኔ መጥቼ አጥበዋለሁ» አላት።

የሞተሩን እጥበት ልትተው ነውና ባሏን በሆዷ ይቅርታ ጠየቀችው።

«ውጪውን ብቻ» አለች። «ኮፈኑን ከከፈትክ ግን፣ ጋሼ፣ ሽማግሌው ሳይቀድመኝ እኔ ነኝ የምመታህ።»