ሰኮሩ ላይ የተቋረጠው በገና

በገና ሲደረደር የሚነዝረው ሆን ተብሎ ነው። በእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ አውታሩ ቆዳውን እየነካ ያን ወፍራም ድምፅ ያወጣል። ቆዳው ከቦታው ትንሽ ከተንሸራተተ ድምፁ ይሞታል። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ጅማ ቦሳ ኪቶ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ የተሰበሩ በገናዎችን እየፈታሁ፣ እየለካሁ፣ አንዳንዴም እያበላሸሁ ነው የተማርኩት።

ስለዚህም፣ የባህል ቅርስ የሚሰበስበው ቢሮ የአንድ ሽማግሌ በገና የቀዳሁበትን ቅጂ «ጫጫታ አለው» ብሎ ሲመልስልኝ ንዝረቱን ጫጫታ ያሉት መስሎኝ ተናደድኩ። ደግሜ ሳዳምጥ ግን እውነታቸውን ነው፤ የጭነት መኪና ጥሩንባ ገብቷል። ደርዳሪው ሽማግሌ የሚኖሩት ሰኮሩ፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ከሚወስደው አስፋልት ሃያ እርምጃ ላይ ነው። እንደገና መሄድ ነበረብኝ።

በዚያው አክስቴንም ይዣት ሄድኩ። ሁለት ጉዳይ በአንድ መንገድ ልጨርስ ማሰቤ ነው ስህተቱ። ልጇ በመስከረም ሲሞትባት አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። ለቀስተኛው ሲጮህ እሷ ወንበር ታቀርብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ«አዎ» እና ከ«አይ» ሌላ ብዙ አትናገርም። ሽማግሌው በዐቢይ ጾምና በነቢያት ጾም እንዲህ ላለ ሰው ይደረድራሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ከጀመሩ እንባው እስኪመጣ አያቆሙም።

ከሆሳዕና በፊት ያለችው ዓርብ ነበረች። ማይክሮፎኑን፣ መቆሚያውን፣ ገመዱን ስዘረጋ ሽማግሌው ያዩኛል።

«ይህ ሁሉ ምንድነው?»

«ለመቅጃ ነው አባባ።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስደረድር ይህን ያህል ዕቃ አልያዝኩም» አሉና ሳቁ። አክስቴን ፊት ለፊታቸው አስቀመጧት።

ዘጠኝ ደቂቃ ያህል አንድም መኪና አላለፈም። ዓይኔ የድምፁ መጠን በሚታይበት ስክሪን ላይ ነበር፤ እንዲያ የጠራ ድምፅ ቀድቼ አላውቅም። ቀና ስል የአክስቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች። ያኔ ውጭ አንድ ጭነት መኪና ጥሩንባውን ለቀቀው።

እጄን አነሳሁ። «ያቁሙልኝ አባባ!»

አቆሙ። ባለቤታቸው ከጓዳ እየሮጡ መጡ። «ማል ታኤ? ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም፤ የመኪና ድምፅ ገባ። አባባ፣ ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ» አልኩ።

ሽማግሌው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥለው አክስቴን አዩ። ትከሻዋ ጸጥ ብሏል፤ ነጠላዋን እያስተካከለች ነው። በገናውን ከጉልበታቸው አንስተው ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«ለሰው የጀመሩት አይደገምም። የነካካኸው ቁስል ነው፤ መጀመሪያ ይሻር።»

«መቼ ላምጣት?»

«ሕማማትን አልደረድርም። ለነቢያት ጾም አምጣት።»

«እሱ እኮ ኅዳር ነው አባባ!»

«ኅዳር የት ይሄዳል?»

ለመንኳቸው። ዘጠኙ ደቂቃ እንዴት እንደጠራ ነገርኳቸው፤ ካቆሙበት ቢቀጥሉ እንኳ ይበቃኛል አልኩ። ማይክሮፎኑን አጥፍቼ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የተናደድኩት በእሳቸው ነበር፤ በእሳቸው መናደድ ይቀላል።

ወደ ጅማ በሚመልሰን ሚኒባስ ውስጥ አክስቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ነበር። ብዙ ከተጓዝን በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«መኪና አለፈ እንዴ?»

«አዎ፤ ጥሩንባ ነፋ።»

«እኔ አልሰማሁም።»

ከመስከረም ወዲህ ራሷ ጀምራ ስታወራኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። 

በማግስቱ ቅጂውን ከፈትኩ። ጥሩንባው ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው። ሠላምታ በተባለው የበገና ቅኝት መሀል ሳይሆን ትንፋሽ በሚወስዱበት ክፍተት ላይ ነው የገባው፤ ከራሴ ጩኸት ጋር ቆርጬ አወጣሁት፤ የተቋረጠበት ቦታ እንኳ አይታወቅም። አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ቢሮውም ተቀበለው። «ጥራቱ በጣም ጥሩ ነው» ብለው ጻፉልኝ።

መልእክቱን ሳነብ አክስቴ በሩ ጋ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«ምሳ በላሽ?» አልኳት።

«አዎ» አለች።