የላይኛው ጥርስና የአማቴ ዓይን

ሰቆጣ በሥራ ተመድቤ ስመጣ የጎጃም ልጅ ነበርኩ፤ አግብቼ ከቀረሁ በኋላ ግን የመሪጌታው ምራት ሆንኩ። ምራት ክርክር መዋጥ ትለምዳለች ይላሉ። እኔ እስካሁን አልለመድኩም።

አማቴ በደብሩ ድጓ ያስተምራሉ፤ ስለ ጥርስም የሚያስተምሩት አያጡም። የወይራ መፋቂያ ያለው ሰው ሐኪም አያሻውም። የዋግ ማር ጥርስ አይነካም፤ ጥርስ የሚበላው የሱቅ ስኳር ነው። ጥርስ ተቦረቦረ ማለት ትል ገባበት ማለት ነው። ይህን ሁሉ እንደምንም አሳለፍኩት። አንዱ ግን አላስቀምጥ አለኝ፤ የላይኛው ጥርስ ሥሩ ከዓይን ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ጥርሱ ከተነቀለ ዓይኑም አብሮ ይጠፋል ይላሉ።

የቀኝ የላይኛው መንጋጋቸው የታመመ ጊዜ ታዲያ መከራችንን አየን። መጀመሪያ ቅርንፉድ ያዙበት፣ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት፣ በመጨረሻ አረቄ። አረቄው ሕመሙን ትቶ ድዳቸውን ላጠው።

«አባባ፣ ይነቀል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ያለ ጥርስ ገንፎ ይበላል፤ ያለ ዓይን ግን ድጓ አይታይም። ከፊደሉ በላይ ያሉትን ደቃቅ ምልክቶች ማን ያይልኛል?»

«እኔ አነብልዎታለሁ።»

«ከነዜማው?» ብለው ሳቁ። ሳቁ ራሱ አሳመማቸውና ጉንጫቸውን ያዙ። አንጀቴን በሉት። እኚህ ሰው ፈሪ አልነበሩም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩበትን ነገር እንዳያጡ ነበር የሚሳሱት።

ጉንጫቸው አብጦ እብጠቱ ዓይናቸው ሥር ሲደርስ ግን ራሳቸው ወደ ሐኪም ቤት ተነሡ። ሐኪሙ መጀመሪያ ለቁስለቱ መድኃኒት ሰጣቸው፤ እብጠቱ ሲጎድል በማደንዘዣ ነቀለላቸው። «ይኸው ነው?» አሉ፣ ቅር ያላቸው ይመስል። እኔ ግን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ከግቢው በኩራት ይዣቸው ስወጣ የነቀልኩት ራሴ እመስል ነበር።

በሩ ላይ ቆሙ። ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከደኑና በቀኙ ብቻ የሐኪም ቤቱን ሰሌዳ ተመለከቱ።

«ልጄ።»

«አቤት፣ አባባ።»

«ጠፋ። ጭጋግ ብቻ ነው።»

ዓይናቸውን ያጠፋሁ ምራት ሆኜ በዚህ ከተማ እንዴት እንደምኖር እያሰብኩ፣ እያለቀስኩ መልሼ አስገባኋቸው። የዓይን ባለሙያዋ በመብራት አየቻቸውና «አባቴ፣ ይህ የዛሬ አይደለም። የዓይን ሞራ ነው፤ ዓመታት ቆይቷል» አለቻቸው።

«ዛሬ ጠዋት አይ ነበር እኮ!»

«በሁለቱም ነዋ። በዚህ ብቻ አይተው ያውቃሉ?»

አያውቁም። ማን ያውቃል? ደህና ዓይኑን ከድኖ የሚሄድ ሰው የለም። አማቴ ያመኑት ግን እሷን ሳይሆን ሚስታቸውን ነው። ቤት ገብተን ነገሩን ስንነግራቸው እማማ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ።

«ወይ ጉድ! ታዲያ ስንት ዘመን ከቀኝዎ ያኖርኩትን ጠላ በክንድዎ ሲደፉት የኖሩት ለዚህ ነው? እኔ እኮ ንቀት መስሎኝ!»

ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀ። ከዚያ ወዲያ አማቴ ማንም ሳይጎትታቸው ሄደው ሞራውን በቀዶ ሕክምና አስወጡ። ፋሻው ሲፈታ ድጓውን አስመጡ፤ ግራ ዓይናቸውን ከደኑና አንዲት መስመር ከነዜማዋ አነበቧት። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ እንባዬን ጠረግኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ወሬው ግን ገበያ ወጣ፤ ተገልብጦም ተመለሰ፤ የመሪጌታ የላይ ጥርስ ቢነቀል ዓይናቸው በራ! አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ከዚሁ ከዋግ፣ ከዝቋላ ወረዳ፣ በአህያ ተጭነው ደጃችን ደረሱ። ከተቀመጡ በኋላ አፋቸውን ከፈቱ። እንዲያ ያለ ጥርስ አይቼ አላውቅም፤ አንድ አልጎደለም፣ ነጭ በነጭ ነው።

«አባቴ፣ ማስነቀሉን ከየትኛው ልጀምር?» አሉ።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነክሼ ነበር።

«እናቴ፣ ጥርስና ዓይን አይተዋወቁም» አሉ አማቴ፤ «እኔም በስተርጅና ነው የተማርኩት። እስቲ አንዱን ዓይንዎን በመዳፍዎ ይክደኑ። አሁን ያዩኛል?»

«ድምፅዎን እሰማለሁ።»

«ሌላውንስ ሲከድኑት?»

ሴትዮዋ ቀስ ብለው መዳፋቸውን አዛወሩ። «አሁንም ድምፅዎን ነው» አሉ።

ሳቄ ጠፋ። አማቴ መቋሚያቸውን አነሡ፣ የሴትዮዋን እጅ ያዙ፣ ወደ ሐኪም ቤቱ በሚወስደው መንገድ እየመሯቸው ወጡ።