ጸሎት የተያዘለት አየር

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ሶዶ ውስጥ አንድ የሆስፒታል ክፍል ሙሉ ሰው የአንድ ሽማግሌ አየር እንዲወጣ ሲጠብቅ ነበር... አትሳቁ። ነገሩ የሞት የሽረት ነው።

ሽማግሌው የባለቤቴ አባት ናቸው። አባባ ነው የምንላቸው። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ በዚያ በገሱባ መንገድ እየተንገጫገጩ መጡ። ሐኪሞቹ «አንጀታቸው ተጠምዝዞ ተዘግቷል፤ አሁኑኑ ኦፕሬሽን ካልተደረጉ አንጀቱ ይሞታል» አሉን። በዚህ ዕድሜያቸው ማደንዘዣውን ይችሉት ይሆን ብለን እኛ ስንርበተበት፣ እሳቸው «ጌታ ያውቃል፤ አስገቡኝ» ብለው ገቡ። ደግነቱ በሰላም ወጡ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። አንጀት ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው አየር ሲወጣ ነው አሉን። እስከዚያ ውሃም ምግብም የለም። ሐኪሟ በመጣች ቁጥር ትጠይቃለች።

«አባባ፣ አየር ወጣ?»

አባባ ግድግዳውን እያዩ... «ኧረ የለም።»

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር አስታማሚዋ እኔ ነኝ። ከራስጌያቸው ንቅንቅ አላልኩም። የደረቀ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ አብሳለሁ። ሐሙስ ጠዋት ሐኪሟ ወደ ኮሪደር ጠርታኝ «ዛሬም ካልወጣ ራጅ እናነሳለን፤ ምናልባት እንደገና ኦፕሬሽን ሊያስፈልግ ይችላል» አለችኝ። ሁለተኛውን እንደማይችሉት ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ለባለቤቴ ደወልኩ፤ እሱ ለቤተ ክርስቲያን ደወለ። ብዙም ሳይቆይ የጸሎት ቡድኑ ከች አለ። የመሩት የአባባ የልጅነት ጓደኛ ጋሽ ዳና ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ።

«ጌታ ሆይ፣ ቀይ ባሕርን የከፈልክ... ይሄንንም... ይሄንን... ብቻ አንተ የምታውቀውን ነገር ክፈት!»

«አሜን!» አለ ክፍሉ በሙሉ። ከጎን አልጋ ያሉት እናት ሳይቀሩ አማተቡ። እኔማ እንባዬ ይወርዳል። አባባ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበው ላብ በላብ ሆነዋል። የባሰባቸው መስሎኝ ነርስ ልጠራ ሮጥኩ።

ነርሱን ይዤ ስመለስ፣ ጋሽ ዳና በር ላይ ቆመው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

«ጋሽ ዳና... አባባ...?»

ለካ እየሳቁ ነው!

«አንቺ ገና ከመውጣትሽ ክንዴን ያዘኝና ‹ተው ጸሎቱን፤ እግዚአብሔርን አታድክም። ትናንት ወጥቷል፤ ሌሊትም ወጥቷል። በልጄ ሚስት ፊት ምን ብዬ ልናገር?› አለኝ።»

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ይሄን ሁሉ ዓመት ምራታቸው ሆኜ ስኖር፣ እኔ ባለሁበት ሲያስነጥሱ እንኳ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው ናቸው። ሐኪሟ ደግሞ ሁልጊዜ የምትጠይቃቸው እኔ አጠገባቸው ቆሜ! ሰውየው በይሉኝታ እንደገና ሊቀደዱ ነበር እኮ... ተናደድኩ፣ ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ። ከዚያ «ጦሳ ጋላታይስ!» እያልኩ አምላኬን አመሰገንኩ።

ሐኪሟ እኔን ውጭ ትታ እንደገና ጠየቀቻቸው፤ ሆዳቸውንም አዳመጠች። ስትወጣ ፊቷ ፈክቷል። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያዋን ሻይ በማንኪያ ሳቀምሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሟት። እፎይ አልኩ... ከልቤ።

ጋሽ ዳና ሊሰናበቱ ሲሉ አባባ ወደ ራሳቸው ጎንበስ አድርገዋቸው በጆሯቸው «ለልጅቷ እንዳትነግራት፣ አደራ» ሲሏቸው ሰማሁ። እኔም እስከ ዛሬ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆኜ ሾርባቸውን አቀርባለሁ።

አባባ ፌስቡክ አለመጠቀማቸው ደግሞ ሌላው የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።